በረካውን ሳትጠጡ አትውጡ፦ መሃል ከተማ ስላለ አንድ የሳይንስ ትምህርት ክፍል የሐሙስ ንግግርና ቡና

የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ የአንድ ደንበኛዬን የግድግዳ ሰዓት ቤቴ ወስጄ እየጠገንኩ ነበር። የምንኖረው ግንፍሌ አጠገብ፣ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ ተኝታለች። እኔ ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አቁሜ አካሄዱን አዳምጣለሁ። መጀመሪያ ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች በስሱ ተንጫጩ፤ ከታች ከባድ መኪና ያለፈ መሰለኝ። ከዚያ ጸጥ አለ። ምት መቁጠር ሥራዬ ስለሆነ ሳላስበው ነው የምጀምረው። ሴኮንዱን ቆጠርኩ። 17 ላይ ስደርስ ቤቱ እንደ ታንኳ ተወዛወዘ፣ ፔንዱለሙ መንገዱን ስቶ የሳጥኑን ጎን መታ፣ ሰዓቱ ቆመ። ባለቤቴ "በስመ አብ!" ብላ ተነሣች።

መሬቱ ከመስከረም ጀምሮ አላረፈም ነበር። መስከረም 26 እሑድ ምሽት መጠኑ 4.9 የሆነ መንቀጥቀጥ ተመዘገበ። ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል፣ ከ5.5 የበለጠ መጣ። ያን የካቲት 7 ማታ ደግሞ 6.0። መንቀጥቀጡ የሚነሣባቸው ቦታዎች ስሞች፣ ፈንታሌ፣ አዋሽ፣ ዶፈን፣ የቤታችን ወሬ ሆኑ። በስልክ "ዛሬ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ትልቁ ይመጣል" የሚል መልእክት ሲዞር፣ ከእኛ ፎቅ ሦስት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሜዳ ላይ አደሩ። ምንም አልመጣም። መልእክቱን ማን እንደጻፈው እስከ ዛሬ አልታወቀም። በዚያ ሳምንት ነው ልጄ "አባዬ፣ ሐሙስ ስለ ርዕደ መሬት ንግግር አለ፤ ለሕዝብ ክፍት ነው ይላል" ብላ የማስታወቂያውን ፎቶ ያሳየችኝ።

ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ ሄጃለሁ። ዝግጅቱ በወር አንድ ጊዜ ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት የሚደረግ የአንድ የሳይንስ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር ነው፤ ከንግግሩ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ቡና ይፈላል። የትምህርት ክፍሉን ስም አልጽፍም። ስለ በሩና ስለ መድረኩ ቅሬታ አለኝ፤ ቅሬታዬ ደግሞ እዚያ ቤት ያለ ክፍያ የሚደክሙትን መምህራንና ተማሪዎች ስም እንዲያነሳ አልሻም። ዩኒቨርሲቲ አልተማርኩም፤ 31 ዓመት የሰው ሰዓት ስከፍትና ስዘጋ የኖርኩ ሰው ነኝ። የምጽፈውም ወንበር ላይ ተቀምጦ ከሚሰማው ሰው ወገን ሆኜ ነው።

ከበሩ ልጀምር። የመጀመሪያው ቀን ጥበቃው "የማን እንግዳ ነዎት ጋሼ?" አለኝ። የማንም እንግዳ አይደለሁም፣ ንግግር ልሰማ ነው አልኩት። "የጠራዎት ሰው ስልክ ይደውሉና ይምጣ ይውሰድዎ።" የጠራኝ ወረቀት ነው፤ ወረቀት ደግሞ ስልክ አያነሳም። ቦርሳዬ ተፈተሸ፤ ትናንሽ መፍቻዎቼና ማጉያ መነጽሬ አንድ በአንድ ወጥተው ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። 20 ደቂቃ ቆምኩ። ጥበቃው ሥራውን ነው የሠራው፣ በእሱ አልፈርድም። ከእኔ ፊት ግን ልጅ ያዘለች አንዲት እናት ነበረች። የቀበሌ መታወቂያዋ ጊዜው አልፎበታል ተባለች። አልተከራከረችም፤ ማስታወቂያውን በስልኳ እንደያዘች ዞር ብላ ሄደች። ያቺ ሴት ምን ልትጠይቅ እንደመጣች አላውቅም፤ ቤቷ ግን እንደኔው ሳይወዛወዝ አልቀረም። "ለሕዝብ ክፍት" ብሎ የሚለጥፍ ቤት በሩ ላይ ለቆመው ሰው አስቀድሞ መንገር አለበት። የአንድ ስልክ ጥሪ ሥራ ነው።

አዳራሹ ደረጃ ደረጃ ያለው የድሮ የማስተማሪያ አዳራሽ ነው። የእንጨት ወንበሮቹ ላይ የስንት ዘመን ተማሪ ስሙን ቀርጾበታል። 2ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም፣ የደረጃውም መደገፊያ አንድ ቦታ ላይ ተነቅሏል። መስኮቶቹ ወደ ምዕራብ ያያሉ፤ መጋረጃ ስለሌለ የ10 ሰዓት ፀሐይ ሰሌዳው ላይ ወድቆ በፕሮጀክተር የሚታየውን ሥዕል ይበላዋል። ከግራ ረድፍ ከተቀመጣችሁ ይሻላል። 10 ሰዓት የተባለው 10፡40 ተጀመረ፤ ይህ ከአምስቱ በአራቱ የደረሰ ነው።

ያን ቀን የተናገረችው ገና ወጣት የምትባል ዶክተር ነበረች። የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ሙሉ በእንግሊዝኛ ሄደ። ስላይዱም እንግሊዝኛ፣ ንግግሩም እንግሊዝኛ። ከፊት የተቀመጡት መምህራንና ተማሪዎች ይጽፋሉ። ከእኔ ረድፍ ጀምሮ ወደ ኋላ ያለነው፣ ነጠላ የለበሱ ሴቶች፣ የጥበቃ ልብሱን ሳያወልቅ የመጣ አንድ ሽማግሌ፣ ሁለት የታክሲ ረዳቶች፣ ዝም ብለን ሥዕሉን እናያለን። ቀይ ነጥብ የበዛበት ካርታ ነው። ነጥቡ የት የት እንደሆነ አይገባንም። አጠገቤ ያለው ልጅ "ጋሼ፣ እኛ ሰፈር አለበት?" አለኝ።

ከዚያ መብራት ሄደ። ፕሮጀክተሩ ጠፋ፣ ማይክራፎኑም ሞተ። ዶክተሯ ትንሽ ጠበቀች፤ ሲቆይባት ጠመኔ አነሳችና ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠች ወደ መሃላችን ወጣች። "ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል?" አለች፣ በአማርኛ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ የሰማሁት ንግግር፣ በሕይወቴ ከሰማኋቸው ትምህርቶች ሁሉ የተሻለው ነው።

"ስምጥ ሸለቆውን እጃችሁን አጋጥማችሁ አስቡት" አለች። "ሁለቱ እጆች ይራራቃሉ፤ በአዋሽ በኩል በዓመት ወደ 5 ሚሊ ሜትር።" 5 ሚሊ ሜትር እኔ የማውቀው ልክ ነው፣ የአንዲት የሴት ሰዓት ባለ ጥርስ ጎማ ስፋት ያህል ናት። "መሬቱ ግን በየዓመቱ እኩል እኩል እየከፈለ አይሄድም። ያጠራቅምና አንድ ቀን ይከፍላል።" በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ የሆነውን ነገረችን፦ ቅልጥ ዓለት ከሥር ገብቶ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን መሬት ሰንጥቆ በሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር አራራቀው። በዓመት ሚሊ ሜትር የሚቆጥር መሬት በሳምንታት 8 ሜትር! በፈንታሌና በዶፈን መካከል ያለው የዘንድሮው መንቀጥቀጥም በዚያው ዓይነት፣ ቅልጥ ዓለት ከሥር ስንጥቅ እየፈለገ ሲገባ የሚመጣ እንደሆነ፣ ስለዚህም አንድ ጊዜ መትቶ የሚያቆም ሳይሆን ለወራት የሚመላለስ እንደሆነ አስረዳች። ስትናገር "ማግማ" ብላ ጀምራ "ቅልጥ ዓለት" እያለች ራሷን ታርማለች፤ ስትታረም ከኋላ ያለው ሰው ወደ ፊት ዘንበል ይላል። ዐይኔ ያየው ነው።

አንዱ ረዳት "4.9ና 6.0 ያን ያህል ይራራቃሉ እንዴ?" አለ። ሰሌዳው ላይ ጻፈችው፦ ቁጥሩ በ1 ሲጨምር የመሬቱ ውዝዋዜ በ10 እጥፍ ይጨምራል፣ የሚወጣው ኃይል ግን በ32 እጥፍ ገደማ። ስለዚህ የየካቲቱ ከመስከረሙ ወደ 45 እጥፍ ኃይል ነበረው። አዳራሹ "ኧረ!" አለ። አዲስ አበባ ብዙም ያልተጎዳችው መንቀጥቀጡ ትንሽ ስለነበረ ሳይሆን ርቀቱ ስለረዳን ነው ማለት ነው። በ1953 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ባለችው ካራ ቆሬ ላይ የተነሣው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ እንዳፈረሳትም ያን ቀን ነው የሰማሁት። እናቴ የዚያ አገር ሰው ነበረች፤ "መሬት የተናወጠ ዓመት" እያለች ዘመን ስትቆጥር ተረት ይመስለኝ ነበር።

ጥያቄና መልሱ ላይ ግን ልቤ አዘነ። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው ቆዩ፤ ተራ ሲደርሳቸው "ሲነቃነቅ የልጅ ልጆቼን ይዤ ልውረድ ወይስ ቤት ልቀመጥ? 3ኛ ፎቅ ነው ያለነው" አሉ። መድረክ መሪው "ይህ ከርእሱ ውጭ ነው፤ እባካችሁ ሳይንሳዊ ጥያቄ ብቻ" ብሎ ወደ ሌላ ሰው አለፈ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። መድረክ መሪው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰዓቱ መሽቶበታል፣ መብራትም የለም። ቢሆንም ከዚያ ጥያቄ የበለጠ ሳይንሳዊ ጥያቄ በዚያ አዳራሽ አልተጠየቀም ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ቡናው። ንግግሩ ሲያልቅ ግማሹ ሰው ይወጣል። አትውጡ። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ ወንድ አንዲት ሴት፣ ከሰል አያይዘው ቡና ይቆላሉ፤ ቄጤማ ባይጎዘጎዝም ዕጣን አለ፣ ፈንዲሻ በትልቅ ሰፌድ፣ ቆሎ፣ አንዳንዴ የተቆረሰ ድፎ ዳቦ ይቀርባል። ዋጋ የለውም፤ ካርቶን ሣጥን ውስጥ የፈቀዳችሁትን ትጥላላችሁ። ሲኒው 30 አይሞላም፣ ስለዚህ ሰው ጠጥቶ ለጎኑ ያቀብላል። በአቦል ጊዜ ሁሉም በየመጣበት ቆሞ ያወራል፣ መምህር ከመምህር፣ ሰፈርተኛ ከሰፈርተኛ። ቶና ላይ መቀላቀል ይጀምራል። በረካ ላይ የቀረው 15 ሰው ቢሆን ነው፣ እሱ ግን አንድ ክብ ሆኖ ነው የሚቀመጠው።

ዶክተሯ አቦሉን ሳትጠጣ ቀጥታ ወደ ሴትዮዋ ሄደች። "እናቴ፣ ቅድም ጥያቄዎን ሳልመልስልዎ ቀረሁ፣ ይቅርታ" ብላ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። እየተወዛወዘ ሳለ ደረጃ አይውረዱ፤ ሰው የሚጎዳው ሲሯሯጥ ነው። ልጆቹን ይዘው ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ይግቡና እግሩን ይያዙ። ከመስታወትና ከቁም ሳጥን ይራቁ። ሲቆም ጋዙን ዘግተው በደረጃ ይውረዱ፣ በሊፍት አይደለም፤ ሜዳ ላይም ከግድግዳና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ራቅ ብለው ይቁሙ። ሴትዮዋ "ጠረጴዛ የለኝማ ልጄ" አሉ። ዶክተሯ ትንሽ አሰበች። "እንግዲያው ምንም በማይወድቅበት ጥግ፣ ወለሉ ላይ ዝቅ ብለው፣ ልጆቹን ከሥርዎ አድርገው ራስና አንገትዎን በክንድዎ ይሸፍኑ። ቁም ሳጥኑን ደግሞ ነገ አናጢ ጠርተው ግድግዳው ላይ በብሎን ያስመቱት።" "ሌሊት 9 ሰዓት ይመጣል የሚሉትስ?" "ቀኑንና ሰዓቱን ለይቶ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም፤ እኔም አላውቅም። ሰዓት ጠቅሶ የሚጽፍ ሰው ካዩ አይመኑት።" ከበው የሚሰሙት ሰባት ስምንት ሰዎች ነበሩ። ሁላችንም ያን ማታ ቤታችን ገብተን ቁም ሳጥን ስንነቀንቅ እንዳመሸን እርግጠኛ ነኝ። እኔ የእኛን በሁለት ብሎን አስመትቻለሁ።

ቶና ላይ እኔም ድፍረት አገኘሁና 17 ሴኮንዴን ነገርኳት። መጀመሪያ ብርጭቆው ተንጫጨ፣ 17 ቆጠርኩ፣ ከዚያ ትልቁ መጣ። ዐይኗ በራ። "ሰዓት አይተው ነው?" ሰዓት ጠጋኝ ነኝ አልኳት። የስም መመዝገቢያውን ወረቀት ገልብጣ፣ እስክሪብቶ ከኪሷ አውጥታ ሁለት መስመር ሣለች። "ከአንድ ቤት በአንድ ጊዜ የወጡ ሁለት መልእክተኞች ናቸው። አንዱ በበቅሎ፣ አንዱ በእግር። ባለ በቅሎው ፈጣኑ ሞገድ ነው፣ በሴኮንድ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ደርሶ ብርጭቆዎን የነካው እሱ ነው። እግረኛው በሴኮንድ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ይሄዳል፤ ቤቱን ያወዛወዘው እሱ ነው። የወጡበት ቤት በራቀ ቁጥር በመካከላቸው ያለው ጊዜ ይሰፋል። የቆጠሩትን ሴኮንድ በ8 ያባዙት።" አባዛሁት። 136። "ግምት ነው፤ ከፈንታሌና ከዶፈን እስከ አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር ቢለካ ግን ከዚህ ብዙ አይርቅም።"

ለረጅም ጊዜ ያንን ቁጥር አየሁት። 4ኛ ፎቅ ላይ፣ በሌሊት ልብሴ፣ በፍርሃት የቆጠርኩት ነገር የመንቀጥቀጡን መነሻ እስከ ፈንታሌ ድረስ አመለከተኝ ማለት ነው። ወረቀቱን ለመንኳትና ሰጠችኝ፤ ሱቄ ውስጥ የሥራ ጠረጴዛዬ በላይ ተለጥፏል። ደንበኛ ሲጠይቀኝ እነግረዋለሁ።

በረካ ላይ ጡረታ የወጡ አንድ የመሣሪያ ባለሙያ አጠገቤ ተቀመጡ። አራት ኪሎ ያለውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ፣ ማለት የመሬት መንቀጥቀጥና የመግነጢስ መመዝገቢያ ጣቢያውን፣ ከልጅነታቸው ያውቁታል። የተቋቋመው በፈረንጆች 1957 እና 58 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ወቅት ነው፤ መሥራቹ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን አባ ፒየር ጉዌን የአገራችንን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ከድሮ ጽሑፍ ሁሉ ለቅመው በ1979 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያወጡ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ለመግነጢስ ጥናት የተመረጠችው ከመግነጢስ ወገብ አጠገብ ስለሆነች ነው፤ እዚህ የተንጠለጠለች የኮምፓስ መርፌ ወደ ታች ሳታዘነብል አግድም ትተኛለች። "እኔ መግነጢስን የማውቀው በጠላትነት ነው" አልኳቸው። ሰዓት ድምፅ ማጉያ አጠገብ ሲያድር የጸጉር ያህል የቀጠነው ሞላው ይመገነጥስና ጥቅሎቹ ይጣበቃሉ፣ ሰዓቱ መቅደም ይጀምራል። ሳቁና እሳቸውም የእኔን ሙያ አነሱ። የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ዋናው ነገር መርፌው አይደለም አሉ፣ ሰዓቱ ነው። የአንድ ጣቢያ ሰዓት በአንድ ሴኮንድ ከተሳሳተ ርቀቱ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ይስታል። "በየጠዋቱ መጀመሪያ የማየው ሰዓቱን ነበር።" መሽቶ ኮሪደሩ ጨልሞ እኛ ሁለታችን ስለ ሴኮንድ እንጫወት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን በአጭሩ ልበል። ስለ ከዋክብት የተደረገው አንዱ አልጣመኝም፤ ተናጋሪው ስላይዱን ከላይ እስከ ታች አነበበልን፣ ጥያቄም አልቀረበም፣ ሰውም በአቦል ተበተነ። ስለ ውሃ የተደረገው ደህና ነበር። ስለ እንዶድ የነበረው ግን ሌላ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፣ ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በዚህ ተክል መግደል እንደሚቻል ማጥናት ጀመሩ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙበት ሥራ ነው። ተናጋሪው ይህን በአዳራሹ ነገረን፤ ቡናው ላይ ግን አንዲት የሰሜን ሸዋ አሮጊት ፍሬው በምን ጊዜ እንደሚለቀም፣ ደርቆ እንዴት እንደሚወቀጥ፣ ስንት ጊዜ እንደሚታሽ፣ ጋቢ በእሱ ታጥቦ እንዴት እንደሚነጣ በእጃቸው እያሳዩ ተናገሩ። ሦስት የዲግሪ ተማሪዎች ደብተር አውጥተው ይጽፉ ነበር። ሴትዮዋ "እኔ ይሄን ማንም አይፈልገውም ብዬ" አሉ።

እንግዲህ ለአዘጋጆቹ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ንግግሩን በአማርኛ አድርጉት። እንግሊዝኛው ለፈተናና ለምርምር ጽሑፍ ይሁን፣ ተማሪው ይልመደው፣ አልከለክልም። ሐሙስ 10 ሰዓት ላይ ያንን ደረጃ የሚወጣው ሰው ግን ቤቱ ስለተናወጠበት፣ ልጁ ስለታመመበት፣ ሰማዩ ስላስገረመው ነው የሚመጣው። ቃል የለንም የሚል መልስ ሰምቻለሁ። ቃል አለን። ርዕደ መሬት፣ ቅልጥ ዓለት፣ ስንጥቅ፣ ሞገድ፣ እሳተ ገሞራ፤ መብራት የሄደ ቀን ዶክተሯ አንዱም አልጠፋትም። በግንቦት በረካ ላይ ይህንን ለአስተባባሪው ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፤ ሳይቆጣ ሰምቶኛል።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። በታሪክ ፈንድቶ የማይታወቅ ተራራ፣ አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ሕንድ ተጓዘ። ከዚያ በኋላ የነበረውን ንግግር ለመስማት ስሄድ ጥበቃው የስም ዝርዝር ሳይጠይቅ "ለንግግሩ ነው? 2ኛ ፎቅ" አለኝ። ሰው ደረጃው ላይ ሁሉ ተቀምጧል። መጋረጃ የለም፣ ያው ፀሐይ ሰሌዳው ላይ ነው፤ ዘግይቶም ነው የጀመረው፣ 25 ደቂቃ። ንግግሩ ግን ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ በአማርኛ ነበር፣ ካርታውም ላይ የቦታ ስሞቹ በፊደል ተጽፈዋል። አጠገቤ የተቀመጡት እኚያ ነጠላ የለበሱ እናት ናቸው፤ አሁን ጎረቤቴ እንደሆኑ አውቄ አብረን ነው የምንሄደው፣ ደረጃውን ልጄ ትደግፋቸዋለች። ጥያቄ ሲጀመር ቀድመው እጃቸውን አወጡ። መድረክ መሪው ያው ሰው ነው። ማይክራፎኑን ይዞ ራሱ እስከ እኛ ረድፍ ወጣና "ይጠይቁ እናቴ" አለ። "አመዱ የወደቀበት ሣር፣ ከብቱ ቢግጠው ምን ይሆናል?" አሉ። መልሱ ሩብ ሰዓት ፈጀ፣ ቡናው ላይም ቀጠለ።